የክት ጥርስ

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ እህቴ ሐዳሳ፣ ጓደኛዋ ጵርስቅላ፣ ሐኪሟ ዶክተር ሳቢሪን እና እኔ ሆሴዕ። ሐዳሳ ወንበሩ ላይ ጋደም ብላለች። ጵርስቅላ እግሯ ሥር ቆማለች። እኔ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። የሐዳሳ አራት የፊት ጥርሶች ግን አፏ ውስጥ አልነበሩም። በእኔ መሐረብ ተጠቅልለው በዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል።

ዶክተር ሳቢሪን መሐረቡን ፈታች። አራቱ ጥርሶች ብሪጅ በሚባለው አሠራር አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው። ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠቻቸው።

«ብሪጁ ምንም አልሆነም» አለች። «ስንጥቅ የለው፣ ጭረት የለው። ልክ እንደሠራሁት ነው።»

ሐዳሳ አፏን በእጇ ከልላ ቀና አለች። «ተመስገን! እንግዲያው መልሰው ይለጥፉልኛ፣ ዶክተር።»

ያለ ፊት ጥርስ ስትናገር «ሰ» ያለበት ቃል ሁሉ ያፏጭባታል። ይህን ስለምታውቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ቆይ፤ እስቲ ክፈቺ» አለች ዶክተሯ። ትንሿን መስታወት አስገብታ አየች። ከዚያም ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ብረት አንስታ የግራውን የጥርስ ጉቶ ነካ አደረገችው። ብረቱ እንደ ረጠበ እንጨት ውስጥ ገባ። ሐዳሳ አላመማትም፤ እኔ ግን ከቆምኩበት አየሁት።

ብሪጁ የተሠራው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜም አብሬያት ስለነበርኩ ዶክተሯ እንዴት እንዳስረዳችን አስታውሳለሁ። መሀል ያሉት ሁለቱ ጥርሶች ሰው ሠራሽ ናቸው። ግራና ቀኝ ያሉት ግን የራሷ ናቸው፤ ነርቫቸው ወጥቶ፣ ዙሪያቸው ተሞርዶ፣ ከላይ ልባስ ለብሰዋል። መሀለኞቹን የሚሸከሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ነርቭ ስለሌላቸው ደግሞ ቢበሰብሱም አያምሙም።

የራሷን ሁለት ጥርሶች ያጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው። ቤተሰባችን ከከምባታ የመጣው ለቡና ለቀማ ነበር፤ አጋሮ አጠገብ ባለ መንደር ቀረን። አንድ የለቀማ ቀን አባባ ረጅሙን የቡና ግንድ ጎንበስ አድርጎ ይዞላት፣ እሷ ቀዩን ፍሬ እየለቀመች ሳለ፣ ግንዱ ከእጁ አመለጠ። ተስፈንጥሮ አፏን መታት። እኔ ያን ጊዜ በእናታችን ጀርባ ላይ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ፤ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። አባባ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ለማንም ቅርንጫፍ አይዝም። ሌላው ለቃሚ «አጵሎስ፣ እስቲ ጎንበስ አድርግልኝ» ሲለው ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ሐዳሳ በነጠላ ጫፍ አፏን ሸፍና አደገች። እናታችን ካረፈች በኋላ እኔን ይዛ ጅማ ገባች፤ በቾ ቦሬ ቤት ተከራየን፤ ጉልት እየነገደች እኔን ስምንተኛ ክፍል አደረሰችኝ። ከዚያ በኋላ ልብስ ስፌት ተማርኩ። እሷ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ ግን ከኋላ መስመር፣ ከረጅሞቹ ወንዶች ጀርባ። ድምፅዋን የሚያውቀው ብዙ ነው፣ ፊቷን የሚያውቀው ግን ጥቂት።

አባባ ሁለት በሬ ነበረው። ከሦስት ዓመት በፊት አንዱን ሸጠና ጅማ መጣ። «ጥርስሽን አሠሪ» አላት። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤቱ ከቲጃኒ ጋር በመቀናጆ፣ አንድ በሬ ከእሱ አንድ ከቲጃኒ እያጣመሩ ነው የሚያርሱት።

ብሪጁ የተገጠመላት ቀን ከክሊኒኩ ወጥተን እስከ ቤታችን ድረስ በየሱቁ መስታወት ራሷን ታይ ነበር። በሳምንቱ የመዘምራን መሪው ወንድም ያቤፅ ወደ ፊት መስመር አመጣት። የመዘምራኑን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የእሷን ልብስ አንገት ያለ ነጠላ እንዲያምር አድርጌ ቆረጥኩት። ያን እሑድ አፏን ሞልታ ስትዘምር ያዩ አሮጊቶች አለቀሱ።

እኛ ቤት ጥሩ ነገር ይከተታል። የዓመት በዓል ጫማ በወረቀት ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይቀመጣል። አዲሱ ቴርሞስ እንግዳ ካልመጣ አይወርድም። ሐዳሳ ጥርሶቿንም እንደዚሁ ያዘቻቸው። ዳቦ በእጇ እየቆረሰች ወደ መንጋጋዋ ታቀብላለች፤ በቆሎ በጣቷ ፈልፍላ ትበላለች። የኋላ ጥርሶቿን በብሩሽ ታጸዳለች፤ የፊቶቹን ግን ሲሚንቶው እንዳይለቅ፣ ንጣታቸው እንዳይሄድ ብላ አትነካቸውም። በውሃ መጉመጥመጥ ብቻ ነው። ዶክተሯ በብሪጁ ሥር እያሾለክሽ አጽጂበት ብላ የሰጠቻት የጥርስ ክር እስካሁን በማሸጊያው እንዳለ ሣጥኗ ውስጥ ነው። የግቢው ሴቶች ጥንቃቄዋን አይተው «ንብረት እንዲህ ነው የሚያዝ!» ይሏት ነበር። እኔም አደንቃት ነበር።

«ሐዳሳ» አለች ዶክተሯ፣ መስታወቱን ከአፏ አውጥታ። «ጣፋጭ ነገር አፍሽ ውስጥ ይቆያል?»

«ከረሜላ አልበላም፣ ዶክተር።»

«ሻይስ?»

«እንደ ሰው ነው የምጠጣው።»

«ሌላ ነገርስ? አፍሽ ውስጥ ይዘሽው የምትቆዪው?»

ሐዳሳ ወደ ጵርስቅላ አየች። ጵርስቅላ ዝም ማለት አይሆንላትም። «ማሩን ንገሪያት እንጂ!» አለች።

«ማር መድኃኒት ነው» አለች ሐዳሳ።

«የቱ ማር?» አለች ዶክተሯ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ቡናው ጥላ ሥር በዛፎቹ ላይ ቀፎ አለው። የቡና አበባ ረግፎ ማር በተቆረጠ ቁጥር በጀሪካን ይልክልናል። «ለድምፅሽ ነው» ብሎ ነው የሚልከው። የእኛ መዘምራን ደግሞ ዝንጅብል ወቅጠው ከማር ጋር አጠንክረው፣ እንደ ሽንብራ እያድበለበሉ፣ ከመዘመራቸው በፊት አንዳንድ ይይዛሉ። ሌሎቹ በጉንጫቸው ይይዙና ቶሎ ይውጡታል። ሐዳሳ ግን ፊት መስመር ላይ ናት፤ ጉንጯ ሲነፋ ሕዝቡ ያያል። ስለዚህ ከላይኛው ከንፈሯ ሥር፣ በጥርሶቿና በከንፈሯ መካከል ነው የምታስቀምጠው። እዚያ ሆኖ ቀስ እያለ ይቀልጣል። በልምምድ ቀን፣ በእሑድ፣ በአዳር ጸሎት፣ ሁልጊዜ።

ጵርስቅላ ይህን ሁሉ ለዶክተሯ ነገረቻት፤ ጣቷን ከከንፈሯ ሥር ከትታ ጭምር አሳየቻት።

ዶክተር ሳቢሪን ጓንቷን አወለቀች። «ማሎ፣ ምነው ሐዳሳ» አለች። «ማር እኮ ለጥርስ ስኳር ነው። ያውም የሚጣበቅ ስኳር። እዚያው ድድሽና ልባሱ የሚገናኙበት ላይ አስቀምጠሽው፣ ብሩሽ ሳይነካው… ልባሱ አይበሰብስም፣ እሱ ሸክላ ነው። የሚበሰብሰው ሥሩ ያለው የራስሽ ጥርስ ነው። ያንን ጠርዝ አጽጂ ብዬሽ አልነበር?»

«እንዳይላላብኝ ፈርቼ ነው።»

«ኧረ አይላላም! ነይ እስቲ እዪ።»

ከመደርደሪያው የጄሶ መንጋጋ አወረደችና ብሩሽ ይዛ አሳየቻት። ብሩሹን ድዱ ጠርዝ ላይ ጋደም አድርጋ በቀስታ አሸችው። ከዚያ ክሩን በመሀለኞቹ ጥርሶች ሥር አሾልካ ወዲያና ወዲህ ሳበችው። አንድ ሰው አንድ ብርጭቆ ለማጠብ ከሚፈጅበት ጊዜ የበለጠ አልፈጀባትም።

ሐዳሳ ክሩን እያየች «ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

«ይኸን ያህል ነበር?» ደግማ ጠየቀች።

ብሪጁ የወደቀው በዋዜማው፣ ዐርብ ከሰዓት፣ እሑድ አጋሮ ለሚደረገው ጉባኤ የመጨረሻውን ልምምድ ሲያደርጉ ነበር። ሐዳሳ ራሷ የደረሰችውን መዝሙር ነበር የምትመራው። መሀል ላይ ድንገት አፏን ያዘችና ዞረች። ሰው ሁሉ ያስነጠሳት መሰለው። ጵርስቅላ ብቻ አየች። ሮጣ ልብስ ወደምሰፋበት መጣች፣ መለኪያ ሜትሩን እንደያዝኩ ነው ተከትዬያት የወጣሁት። ሐዳሳን ከጸሎት ቤቱ ጓሮ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ጥርሶቹን በመዳፏ ይዛ «ለአባባ እንዳትነግር» አለችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ዶክተር ሳቢሪን በርጩማዋን ወደ ሐዳሳ አስጠጋች። «እውነቱን ልንገርሽ። የግራው አልቋል፣ ምንም አላደርገውም። የቀኙ ግን ሥሩ ገና ጠንካራ ነው። ዛሬ የበሰበሰውን ጠርጌ ብዘጋው ይተርፋል፤ እሱን ይዘን ሌላ ነገር መሥራት እንችላለን። ብሪጁን መልሼ ከለጠፍኩት ግን የአራት ጥርስ ጫና የሚወድቀው በእሱ በአንዱ ላይ ነው። ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ እሱም ይነቀላል።»

«ለነገ ብቻ ይለጥፉልኝ።»

«ሐዳሳ…»

«ነገ ጉባኤው አጋሮ ነው፣ ዶክተር። አባቴ ይመጣል። እግሩን ስለሚያመው ጅማ መምጣት ካቆመ ቆየ። ጥርሴ ከተሠራ ጀምሮ ፊት ቆሜ ስዘምር አላየኝም። አንድ ቀን እንኳ።»

«ሌላ ቀን ያይሻል ኢንሻ አላህ። ጥርሴ ወልቋል በይውና ይገባዋል። አባት አይደል?»

«በምን ወለቀ ቢለኝስ?» ሐዳሳ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች። ባዶውን ድድ ማየታችን አላስጨነቃትም። «ግንዱ ከእጁ ካመለጠ ወዲህ እኮ ሰው አልሆነም። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሲከፍል ነው የኖረው። አሁን ደግሞ የላክኽልኝ ማር ነው ልበለው? በሬህን የሸጥክበትን ጥርስ ማርህ በላው ልበለው? አይችለውም።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ወንድሟ አይደለህ? ምን ትላለህ?»

ሰው ፊት ስጠየቅ መናገር አይሆንልኝም።

«እሱን አይጠይቁት» አለች ጵርስቅላ። «ልብስ ሲለካ እንኳ የሚያናግረው ሜትሩን ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች። ሐዳሳም ሳታስበው ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ሸፈነች። እኔ ወለሉን እያየሁ «የቀኙ ይትረፍ» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለች ሐዳሳ።

«የቀኙ ጥርስ ይትረፍ። አባባ ይረዳል።»

ትኩር ብላ አየችኝ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። «አንተ እናታችን ጀርባ ላይ ነበርክ» አለች። «እኔ ነኝ ፊቱን ያየሁት፣ ያን ቀን።»

ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት፤ ሁለት ጊዜም «ይለጠፍ» አለች። ጥርሷ የእሷ ነውና ተለጠፈ። «በፊት ጥርስሽ ምንም አትንከሺ። ትኩስ ነገር ተዪ። ማርማ በዓይንሽም እንዳታዪው» አለች ዶክተሯ። «ሐሙስ ጠዋት እዚህ እጠብቅሻለሁ።» ወጥተን በሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ጠራቻትና አዲስ ብሩሽ ሰጠቻት። «ለቀሩት ጥርሶችሽ» አለቻት።

መንገድ ላይ ሐዳሳ አቆመችንና ለአባባ እንዳንናገር ቃል አስገባችን። ጵርስቅላ «እኔ እኮ ምስጢር ጠባቂ ነኝ» አለች። ሐዳሳ «አውቃለሁ፣ በቾ ቦሬ ሁሉ ይመሰክርልሻል» አለቻት።

እሑድ ማለዳ በሚኒባስ ተነሣን። የይቡን ከተማ አልፈን ስንሄድ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቡናው ቅጠሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል። መዘምራኑ መንገዱን ሁሉ እየዘመሩ፣ ቆሎ እየተቀባበሉ ነው የሄዱት። ቆሎው ሐዳሳ ጋ ሲደርስ ለሚቀጥለው ታሳልፈዋለች። «ጾም ይዘሻል እንዴ?» አላት ወንድም ያቤፅ። «አዎ» አለች። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የዋሸችው ይህን ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ሙሉ ውሸት አልነበረም። ከቅዳሜ ጀምሮ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም።

ጉባኤው የተደረገው በትልቅ ድንኳን ውስጥ ነበር። አባባ ቀድሞን ደርሷል። ቲጃኒ በሞተር ሳይክሉ አምጥቶት ራሱ ውጭ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አባባ የድሮ ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ከፊት መስመር ወንበር ይዟል። አስተናጋጆቹ «አባታችን፣ እዚህ የእንግዳ ቦታ ነው» ብለውት ነበር አሉ። «ልጄን ላይ ነው የመጣሁት» ብሏቸው እዚያው ቀረ።

እኔ ዳር ላይ፣ ሁለቱንም ከማይበት ቦታ ቆምኩ።

ሐዳሳ ወጣች። የሰፋሁላት ልብስ ጥሩ ሆኖ ወርዷል። ስትጀምር ድምፅዋ ያው የራሷ ነበር። ግን የላይኛው ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ጥርሶቹን ወደ ድዷ እንደሚጫን ሰው ከንፈሯን ወጥራ ይዛዋለች። ቃሉ ከአፏ እየታነቀ ይወጣል። መዝሙሩ መሀሉ ላይ ከፍ የሚል ቦታ አለው፤ እሷ ሁልጊዜ አፏን ከፍታ፣ ፈገግ ብላ የምታነሳው። እዚያ ስትደርስ አላነሳችውም። ዝቅ አድርጋ አለፈችው። ጵርስቅላ ነገሩ ገብቷት ከኋላ ጮኻ ተቀበለችላት፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሕዝቡ «አሜን» አለ፣ አጨበጨበ። ምንም የጎደለ አልመሰለውም።

አባባ አላጨበጨበም። ፊቱን ወደ ላይ አንጋጦ አፏን ብቻ ነበር የሚያየው።

ፕሮግራሙ አልቆ ዋርካው ሥር ተገናኘን። ሐዳሳ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። አባባ ራሷን አቀፈ።

«ጌታ ይባርክሽ» አላት። «ድምፅሽ ደክሟል።»

«መንገዱ ነው፣ አባባ።»

«ጉሮሮሽ ነው። እኔ አውቃለሁ። አስቤ ነው የመጣሁት።» ወደ ቲጃኒ ዞረ። «አምጣው እስቲ።»

ቲጃኒ ከሞተሩ ላይ የታሰረውን ጀሪካን ፈታ። አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠና በኮባ ቅጠል የታሰረ ነው። አባባ ተቀምጦ ቅጠሉን ፈታው። ማሩ ከነሰፈፉ ነጭ ነበር፤ ሽታው እስከቆምኩበት ደረሰ። በቢላው ጫፍ አንድ ቁራጭ አነሣ፣ ከሥሩ በመዳፉ ተቀበለ፣ ወደ አፏ አቀረበላት። ልጆች ሳለን ያጎርሰን እንደነበረው ነው።

«በይ። አሁኑኑ ይለቅሻል።»

ሐዳሳ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አፏን ልትከፍት ጀመረች። በፊቷ ላይ ሌላ ሐሳብ አልነበረም፤ ልትቀበለው ነበር።

«አባባ፣ እንዳይሰጧት!» ጵርስቅላ ክንዱን ያዘችው። «ሐኪሟ ማር ከልክላታለች!»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ የራሷን አፍ በሁለት እጇ ያዘች።

ቲጃኒ ሳቀ። «ማር የሚከለክል ሐኪም! ወላሂ፣ እሱ ራሱ መታከም አለበት። ኧረ አጵሎስ፣ አጉርሳት።»

አባባ አልሳቀም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። «የጉሮሮ ሐኪም?» አለ።

ማሩ በቢላው ላይ ወደ ታች ይንጠባጠባል።

«ሐዳሳ፣ ክፈቺልኝ» አለ።

«አባባ፣ ሰው ያያል…»

«ክፈቺልኝ፣ ልጄ።»

ተንበረከከች። አባባ ቢላውን ቲጃኒ እጅ ላይ አኖረ፣ ጣቱን ካፖርቱ ላይ ጠረገና የላይኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ገለጠው። በድዷና በነጩ ጥርስ መካከል ያለውን ጥቁር መስመር እኔም አየሁት። አራቱ ጥርሶች ከጣቱ ሥር ትንሽ ተነቃነቁ። አባባ ጣቱን ቶሎ አነሣ።

ሐዳሳ ከንፈሯን መለሰች።

«ማሩ ነው?» አላት።

«አይደለም፣ አባባ። እኔ ነኝ። ማጽዳት ነበረብኝ፣ አላጸዳሁም። ነግረውኝ ነበር፣ የተውኩት እኔ ነኝ። ማርማ ሁሉም ይበላል።»

«እኔ የላክሁት ማር ነው?»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!»

የተናገረችው እውነት ነበር። አባባ ግን ወደ እኔ ዞረ። እኔ መዋሸት እንደማልችል ያውቃል፤ ስዋሽ ፊቴ ይቀላል፣ ለዚያም ነው ዝም የምለው። ፊቴን አይቶ መልሱን አገኘ።

«እሺ» አለ።

ቢላውን ከቲጃኒ ተቀብሎ ቁራጩን ወደ ጀሪካኑ መለሰው። እጁን ሣሩ ላይ ጠረገ። ቅጠሉን ቲጃኒ መልሶ አሠረለት። ሐዳሳ የአባባን እጅ ያዘች፣ እሱም አልነጠቃትም። ግን አላያትም።

«በሬው ግድ የለም» አለ። «እሱ የሚተካ ነው።»

ከዚያ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ቲጃኒን «እንሂድ» አለው። ጀሪካኑን በእግሮቹ መካከል ይዞ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ። መዘምራኑ ከድንኳኑ ወጥተው «አባታችን፣ ልጅዎ እኮ አኮራችን!» እያሉ እጃቸውን ሲያውለበልቡለት፣ ኮፍያውን አንሥቶ መለሰላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ሳቢሪን የሐዳሳን ሁለቱንም ጥርሶች ነቀለቻቸው፤ የቀኙ ሥሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። አባባ በዚያው ሳምንት ቀፎዎቹን ሁሉ ከዛፍ አውርዶ ለቲጃኒ ሰጠው።